የአያቴን የድሮ ወንበሮች ለአዲስ ሳሎን ማደስ

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦
ጤና ይስጥልኝ። ከአንኮበር ያመጣኋቸው፣ አያቴ ይገለገሉባቸው የነበሩ የዋንዛ ወንበሮች አሉኝ። ከአንዱ በቀር የሁሉም መቀመጫ በጠፍር የተታታ ነው፤ አንዱ ግን በልብስ የተሸፈነ፣ ውስጡ ሞላና የፈረስ ፀጉር ያለበት ትልቅ ወንበር ነው። እግሮቻቸው ይነቃነቃሉ፣ ጠፍሩም ረግቧል። ያነጋገርኩት ባለሙያ እንጨቱን እስከ ነጩ ልጦ በሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ እንደሚቀባውና ውስጡን በስፖንጅ እንደሚተካው ነገረኝ። አዲሱ ቤቴ ነጭ ግድግዳና ሴራሚክ ወለል ያለው ነው፤ ወንበሮቹ ከዚያ ጋር እንዲስማሙ እፈልጋለሁ፣ የአያቴ ወንበሮች መሆናቸው እንዲጠፋ ግን አልፈልግም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ (አናጺ፣ ደብረ ሲና)፦
ወንድሜ፣ እባክዎ አያስልጡት። ዋንዛ በዕድሜ ብዛት ያገኘው ጥቁረት ያለው በላዩ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ በብርጭቆ ወረቀት ከተፋቀ የሚቀርዎት አዲስ የሚመስል እንጨት ነው። መጀመሪያ በለብታ ውኃና በጥቂት ሳሙና በተነከረና በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ይጥረጉት። ከዚያ በማይታይ ቦታ ላይ አልኮል የነካ ጥጥ ያሳርፉ፤ ቀለሙ ከለሰለሰና ጥጡን ከያዘው የድሮ ሼላክ (በአልኮል የሚሟሟ የእንጨት ማብረቅረቂያ) ነው ማለት ነው፤ ይህም ሳይላጥ በላዩ ላይ በስሱ ሊታደስ ይችላል።

ዋናው ሥራ ግን መገጣጠሚያው ነው። በክረምት እርጥበት የሚያብጥ እንጨት በበጋው ደረቅ አየር ስለሚኮማተር፣ የእግሮቹ መነቃነቅ የሚጠበቅ ነው። ሚስማር ግን በፍጹም አያስመቱ፣ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። የላላውን መገጣጠሚያ በቀስታ ነቅለው የድሮውን ሙጫ ያጽዱ፤ ከቆዳና ከአጥንት የተቀቀለ ሙጫ ከሆነ በሙቅ ውኃ ይለቃል። ነጭ ኮላ በአሮጌ ሙጫ ላይ አይዝም፣ በብርድም አይጠነክርም፤ በደብረ ብርሃን የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ሌሊት የተጣበቀ እግር ኮላው እንደ ኖራ ነጥቶ ተመልሶ ይላቀቃል። ስለዚህ ክፍሉ በሞቀበት በእኩለ ቀን አጣብቀው፣ በሞርሳ ወይም በተጠማዘዘ ገመድ አጥብቀው እስከ ማግስቱ ይተዉት። የነቀዝ ቀዳዳ ካለ ከሥሩ ጥቁር ወረቀት ያንጥፉ፤ አዲስ ዱቄት ከወረደ ነቀዙ በሕይወት አለና ወንበሩ ልብስ ከመልበሱ በፊት መድኃኒት ያስፈልገዋል።

መልስ (የሶፋ ሠሪ)፦
በእንጨቱ ጉዳይ እስማማለሁ። የፈረስ ፀጉሩን ግን እንዳይጥሉት፤ ታጥቦ፣ በጥላ ደርቆና በእጅ ተበጥሮ እንደገና ያገለግላል፣ ስፖንጅ ግን ከዓመታት በኋላ ይፈረፈራል። ሞላዎቹ ካልተሰበሩ እንደገና በጠንካራ ሲባጎ ይታሰሩ፣ በላያቸው ጆንያ፣ ቀጥሎ ፀጉሩ፣ ከዚያም ጥጥና አቡጀዲ ይከተላል። ስፖንጅ የግድ ከሆነ ጥግግቱ በሜትር ኩብ ከ30 ኪሎ ግራም ያላነሰውን ይምረጡ።

ለልብሱ የምመክርዎ ከመንዝ በግ ፀጉር የተሸመነውን በርኖስ ነው። ጥቁር ቡናማው የተፈጥሮ ቀለሙ ነጭ ግድግዳ ባለው ሳሎን ውስጥ እጅግ ያምራል፣ ከአያትዎም አገር የወጣ ነው። ወፍራም ስለሆነ ማዕዘኑ ላይ እጥፋቱን ቀንሶ መስፋት ያስፈልጋል፤ ብል እንዳይበላውም አልፎ አልፎ በፀሐይ ይናፈስ።

ጠያቂው፦
እጅግ አመሰግናለሁ። ጠፍሩንስ ከላይ በስፖንጅ ልሸፍነው ወይስ ይቀየር?

መልስ (ከአንኮበር)፦
ይቀየር እንጂ አይሸፈን፤ የእነዚያ ወንበሮች ውበት ጠፍሩ ነው። ጥሬ የበሬ ቆዳ በእኩል ስፋት ተሰንጥቆ፣ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ሲለሰልስ፣ እርጥብ ሳለ ይታታል፤ ሲደርቅ ራሱ ይከርራል። ኃይለኛ ፀሐይ ወይም እሳት ዳር ከደረቀ ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ በጥላ ይሁን። ሲደርቅ ቋሚውንና አግዳሚውን በኃይል ስለሚስብ፣ የእግሮቹ ኮላ ፈጽሞ ሳይጠነክር አያስታቱት። ለምቾት ከፈለጉ ከላይ የሚነሳ ስስ ትራስ ያድርጉበት፤ እንግዳ ሲመጣ ያነሡታል።