ሁለተኛ የመፈልፈያ ማሽን እንግዛ ወይስ የማድረቂያ አልጋ እንጨምር?

ጥያቄ (ከጅማ)፦ በጅማ ዞን ጎማ ወረዳ በሚገኝ የእጥብ ቡና ማዘጋጃ ጣቢያ በኃላፊነት እሠራለሁ። የለቀማው ወቅት ሲጦፍ ገበሬው በቀን እስከ 100 ኩንታል ቀይ እሸት ያመጣል፤ ይሁንና ሁሉንም በዕለቱ ማስተናገድ ስለሚያቅተን ከፊሉ በጆንያ እንዳለ ያድራል፣ ጠዋት ሲፈታም ሞቆና መብላላት ጀምሮ ይገኛል። ቦርዱ ሁለተኛ የመፈልፈያ ማሽን ለመግዛት አስቧል። አሁን ያለን ማሽን በሰዓት 20 ኩንታል እሸት ይፈለፍላል። አልጋዎቻችን በአንድ ጊዜ የሚይዙት ሲደርቅ 120 ኩንታል ያህል የሚመዝን ቡና ሲሆን፣ ማድረቁ በአማካይ 10 ቀን ይፈጃል። ግዢው ችግሩን ይፈታዋል?

መልስ 1፦ በሰጡት አኃዝ መሠረት አይፈታውም። ማሽኑ 100 ኩንታሉን በ5 ሰዓት ይጨርሳል፤ ስለዚህ ማነቆው እሱ አይደለም። አሜሪካዊው ምሁር ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 በሒሳብ ያረጋገጠው ሕግ እንደሚለው፣ በአንድ ሥርዓት ውስጥ በአማካይ የሚገኘው ክምችት በቀን ከሚገባው መጠንና እያንዳንዱ ከሚቆይበት ጊዜ ብዜት ጋር እኩል ነው፤ ይህ ለሆስፒታል አልጋም ሆነ ለባንክ ሰልፍ ይሠራል። 100 ኩንታል እሸት ተፈልፍሎ ሲደርቅ ከነገለባው ወደ 20 ኩንታል ይሆናል። 20 በ10 ቀን ሲባዛ 200 ኩንታል የሚይዝ አልጋ ያስፈልጋል ማለት ነው። በ120ው አልጋ በቀን ማሳለፍ የሚቻለው 12 ኩንታል፣ ማለትም የ60 ኩንታል እሸት ውጤት ብቻ ነው። ሁለተኛው ማሽን ቢገዛ የተፈለፈለው ቡና ከመድረቁ በፊት በሚብላላበት ገንዳ ውስጥ ከመከማቸት በቀር የሚያመጣው ለውጥ አይኖርም።

መልስ 2፦ በስሌቱ እስማማለሁ፤ ነገር ግን አማካይ ቁጥር ብቻውን ያሳስታል። ሰማዩ ደመና ለብሶ ዝናብ ከጣለና ማድረቁ 15 ቀን ከወሰደ፣ በቀን የሚያልፈው ወደ 8 ኩንታል ይወርዳል፤ ጣቢያው የሚጨናነቀውም በእነዚህ ቀናት ነው። ደግሞም ቦታ ለማብቃቃት ተብሎ ቡናውን አወፍሮ ማስጣት ወይም እርጥበቱ ከ11 እስከ 12 በመቶ ሳይደርስ ከአልጋ ማንሳት በፍጹም አይገባም፤ የሚደርቀው ወጣ ገባ ሆኖ ሻጋታ ይዞ ይመጣል፣ በቅምሻ ጊዜም ይጋለጣል። አልጋ እስኪሠራ ድረስ በየቀበሌው የመረከቢያ ቀን መመደብ ይሻላል፤ ቀዩ ፍሬ ዛፉ ላይ ጥቂት ቀን ቢቆይ የሚደርስበት ጉዳት በጆንያ ከማደሩ እጅግ ያነሰ ነው።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። በእርግጥም ማሽኑ ከቀትር በኋላ የሚቆመው ማብላያ ገንዳዎቹ ባለመለቀቃቸው ነው፤ ገንዳዎቹ የማይለቀቁትም አልጋ ስለሚጠፋ ነው። ቦርዱ ግን አልጋ አብዛኛውን ዓመት ባዶውን ይቆማል የሚል ተቃውሞ አለው።

መልስ 3፦ ማሽኑም እንዲሁ ከወቅቱ ውጭ ሥራ ፈት ስለሚሆን ተቃውሞው ለሁለቱም እኩል ነው። ልዩነቱ አልጋ ከአካባቢው እንጨትና ከሽቦ ወንፊት እየተሠራ ቀስ በቀስ ሊጨመር መቻሉ ነው። ትርፉን በጀንፈል መልክ (ሳይፈለፈል ከነሙሉ ፍሬው) ለማድረቅ አስባችሁ ከሆነም ተጠንቀቁ፤ ጀንፈል ከእጥቡ የበለጠ ቀን አልጋ ላይ ስለሚቆይ ጥበቱን ያባብሰዋል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን እያንዳንዱ ዙር አልጋ ላይ የወጣበትንና የወረደበትን ቀን በመዝገብ አስይዙ፤ ያ 10 ቀን የሚባለው ቁጥር በመዝገብ ካልተደገፈ ቦርዱን ማሳመን አይቻልም፣ የሚጨመረውን የአልጋ ብዛትም በትክክል ማስላት ያስቸግራል።