መድን የተረከበው መኪና አሁንም በስሜ ነው፤ ሰው ቢገጭ ተጠያቂው ማነው?

የሳቢያን ልጅ፦
አቦ እንዴት ናችሁ? የሕግ ሰው ወይ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ካለ ይምከረኝ። አይሱዙ ነበረኝ፣ ደንገጎ ላይ ተገልብጦ ካቢኑ እንዳለ ተጨፈለቀ። ሰው ተርፏል፣ ተመስገን። ኢንሹራንሱ መጥቶ አየውና ለጥገና አይሆንም አለ፣ ሙሉ ዋጋውን ከፍሎ ስብርባሪውን ወሰደ። ሊብሬውን ሰጠሁ፣ የመሸጫ ውክልና ፈረምኩ፣ በቃ አለቀ ብዬ ነበር። በጨረታ እንደሸጡት በኋላ ሰማሁ። ሰሞኑን የድሮ ረዳቴ ደውሎ "ጋሼ መኪናህን ሽንኩርት ጭኖ አየሁት፣ ታርጋው ያው ነው፣ ካቢኑ ብቻ ቀለሙ ተቀይሯል" አይለኝም! መንገድ ትራንስፖርት ሄጄ ሳስጠይቅ ፋይሉ በኔ ስም ነው ያለው። ነገ አንድ ነገር ቢያደርስ እኔን ነው የሚይዙት?

ከዚራ፦
ብርህን ተቀብለሃል፣ መኪናውን አስረክበሃል። ምን አገባህ? የገዛው ይጨነቅ።

ፋይል ተሸካሚ፦
ከላይ ያለውን አትስማው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፣ ያውም የነዳው ሰው ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ። መኪናው ተሰርቆ እንደነበር ያስረዳ ባለቤት ነፃ ይወጣል፣ ያንተ ግን አልተሰረቀም፣ በፊርማህ ነው የሄደው። እርግጥ መኪናውን ለራሱ ጥቅም ይዞ የሚሠራበትም ሰው ይጠየቃል፣ አንተም አስረክቤያለሁ ብለህ ትከራከራለህ። ችግሩ ግን ተጎጂው ገዢውን ከየት ያውቀዋል? ጠበቃው መጀመሪያ የሚያገኘው መዝገቡ ላይ ያለውን ስም ነው፣ መጥሪያው ሳቢያን ይመጣል፣ ከዚያ ወዲያ ማስረጃ ፍለጋ የምትሯሯጠው አንተ ነህ።

የወንጀሉ ነገር ለብቻው ነው፣ እዚያ የሚጠየቀው ያሽከረከረው ሰው ስለሆነ አትሸበር። ግን አንድ ነገር አጣራ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንም መኪና ያለ ሦስተኛ ወገን መድን መንገድ ላይ መውጣት አይችልም። አሁን የሚነዳው ሰው መድኑን በማን ስም ነው የገባው? ወይስ ጭራሽ አልገባም?

የሐረር ጋራዥ፦
እኔ ሸዋ በር አካባቢ ነው የምሠራው። አንዳንዱ የጨረታ ገዢ ብረቱን ሳይሆን ሊብሬውን ነው የሚፈልገው። ወረቀት የሌለው መኪና ያለው ሰው ስብርባሪ ገዝቶ ሻንሲው (የመኪናው ዋና ብረት) ላይ የተመታውን ቁጥር ቆርጦ በራሱ መኪና ላይ ያስበይዳል። ብየዳው ላይ እጅህን ብታሳልፍ ጉብታው ይታወቅሃል፣ ከላይ ጥቁር ቀለም ስለተቀባ ግን ላላወቀ ሰው ምንም አይመስልም። ስለዚህ ረዳትህ ያየው ያንተ መኪና ላይሆንም ይችላል። ያንተ ስም የተለጠፈበት ሌላ መኪና ከሆነ ደግሞ ባሰ።

ፋይል ተሸካሚ፦
ትክክል። እንግዲህ እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ ኢንሹራንሱ ጋ ሄደህ ካሳውን የተቀበልክበትን ፊርማ፣ ስብርባሪውን የተረከቡበትን ቀንና በጨረታ ለማን እንደሸጡ የሚገልጽ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ጠይቅ። በቃል አትመለስ፣ ማመልከቻህን መዝገብ ቤት አስገብተህ ኮፒህ ላይ የገቢ ቁጥር አስመታ። ያንን ይዘህ መንገድ ትራንስፖርት ስሙ እስኪዛወር ፋይሉ እንዲታገድ አመልክት፣ ከታገደ ቦሎ ሲመጣ ገዢው ራሱ ይፈልግሃል። ውክልናውን ግን ብድግ ብለህ እንዳትሽር፣ ሸጠው ከጨረሱ በኋላ ከሆነ ስም ማዛወሩን ራስህ ታደናቅፋለህ፣ ከኢንሹራንሱ ጋር ያለህ ውልም ሊነካ ይችላል። አስቀድመህ ተነጋገር።

ከዚራ፦
እሺ ይሄን አላውቅም ነበር። ግን ኢንሹራንሱ ራሱ ሲሸጥ ስም አዛውሮ መስጠት አልነበረበትም?

ፋይል ተሸካሚ፦
ነበረበት። ከስብርባሪ ጋር ታርጋ አብሮ መሸጥ ራሱ ምን የሚሉት ነገር ነው? መኪናው ለአገልግሎት አይሆንም ከተባለ ሰሌዳው ተመልሶ ፋይሉ መዘጋት አለበት። ዳግም ተሠርቶ የሚነዳ ከሆነም ምርመራ አልፎ በገዢው ስም ይግባ።

የሳቢያን ልጅ፦
ቆይ፣ አሁን ትዝ አለኝ። የፊት ታርጋው ሲገለበጥ ተነቅሎ ነበር፣ ልጆቹ አምጥተውልኝ ግቢ ውስጥ ነው ያለው። ታዲያ ያኛው መኪና ፊቱ ላይ ምን ለጥፎ ነው የሚሄደው?

የሐረር ጋራዥ፦
አስቀርጾ ነዋ! ያንተን እንዳትጥለው። ፎቶ አንሳውና ለመንገድ ትራንስፖርት በደረሰኝ አስረክብ፣ የተለጠፈው ሌላ መሆኑንም ማመልከቻው ላይ ጻፍ። ለትራፊክ ፖሊስም በጽሑፍ አሳውቅ፣ ረዳትህ የት እንዳየውና ስንት ሰዓት እንደነበር ጭምር።