ጄይ-ዚ በሰለ ወይስ ከበረ?

የጨርቆስ ልጅ፦ ትናንት እዚህ «ራፐር 40 ካለፈው በኋላ የሚያወጣው ቁም ነገረኛ አልበም የጡረታ ደብዳቤ ነው» የተባለው አልዋጥልህ ብሎኛል። ምሳሌ የተደረገው የአሜሪካዊው ራፐር የጄይ-ዚ «4:44» አልበም ነበር። ላልሰማችሁ፦ ጁን 30 ቀን 2017 የወጣ፣ 10 ዘፈን፣ 36 ደቂቃ ገደማ። ሰውየው ያኔ 47 ዓመቱ ነው። ሚስቱ ዘፋኟ ቢዮንሴ ላይ መማገጡን አምኖ ይቅርታ ይጠይቃል፣ በመጀመሪያው ዘፈን የገዛ ጉራውን ይገድላል፣ ስለ ውርስ ይመክራል። ብስለት አይደለም የምትሉ፣ ኑ።

ሰብለ፦ መጣሁ። ቢዮንሴ ስለ መከዳት የዘፈነችበትን አልበሟን «ሌሞኔድ»ን ያወጣችው ኤፕሪል 2016 ነው። ዓለም ጉዱን ከሰማ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ «አዎ አጥፍቻለሁ» ማለት ንስሐ ሳይሆን የክስ መልስ ነው። ንስሐ ለነፍስ አባት ነው። የነፍስ አባት ደግሞ ትኬት አይቆርጥም፤ እነሱ ግን በ2018 አብረው አልበም አውጥተው፣ አብረው ኮንሰርት ዞሩበት።

ዘጠነኛ ጎዳና፦ እኔ ያለሁት ዋሽንግተን ነው። የትዳሩን ነገር ለባለቤቶቹ ትቼ እዚያው አልበም ላይ ስላለው «የኦጄ ታሪክ» ስለሚባለው ዘፈን ላውራ። ብሩክሊን ውስጥ ዳምቦ የሚባለው ሰፈር ሳይወደድ በ2 ሚሊዮን ዶላር ሊገዛው ይችል የነበረ ሕንፃ ዛሬ 25 ሚሊዮን ማውጣቱን እየተቆጨ ይናገራል። በ1 ሚሊዮን የገዛው ሥዕል 8 ሚሊዮን መግባቱንም። ብዙ ሰው «ሀብታም ደግሞ ይምከረን?» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን መጀመሪያ 18ኛ ጎዳና፣ ቀጥሎ ዩ ስትሪትና 9ኛ ላይ የኛ ሰው ምግብ ቤት ከፍቶ፣ ሰፈሩን አሙቆ፣ ኪራዩ ሲሰቀል ከከተማው ውጭ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ሲሄድ አይቻለሁ። ያሞቀው ሌላ፣ የበላው ሌላ። ያኔ በጎረምሳነታችን ስለ ሰንሰለትና ስለ መኪና እንጂ ስለዚህ የነገረን ራፐር ማን ነበር?

ኔታንያ፦ እዚያው ዘፈን ላይ አይሁዶች የአሜሪካን ንብረት ሁሉ የያዙት እንዲህ ነው የሚል ስንኝም አለ። አሜሪካ ያለው የአይሁዶች ተሟጋች ድርጅት፣ የፀረ ስም ማጥፋት ሊግ፣ ቅር ተሰኝቶበታል። ሊያሞግስ ፈልጎ ነው፣ ገብቶኛል። ግን ወላጆቼ በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ወደ እስራኤል መጥተው ካራቫን ውስጥ የኖሩ ሰዎች ናቸው። እኔ ጥቁርም ነኝ፣ አይሁዳዊትም ነኝ፤ ንብረቱ ግን እስካሁን አልደረሰኝም። የበሰለ ሰው የመንገድ ወሬ በምክር ድምፅ አይደግምም።

ሰብለ፦ ኔታንያ፣ ገደልሽኝ።

የድሮ ካሴት፦ ልጆች፣ ሁላችሁም ግጥሙን ብቻ ነው የያዛችሁት። እስቲ ጆሮ ስጡት። ይኸው ሰው በ2003 ጡረታ ወጣሁ ብሎ በ2006 «ኪንግደም ካም» የተባለውን አልበም ይዞ ሲመለስ፣ አደግኩ፣ 30 ዓመት አዲሱ 20 ነው እያለ ዘፍኖ ነበር። ያ አዋጅ ነው፣ ብስለት አይደለም። «4:44» ላይ ግን አቀናባሪው ከሱ ጋር ኖ አይዲ ብቻ ነው። የኒና ሲሞንን ድምፅ አስገብቶ ራፑን እንዲቀዘቅዝ አደረገው። ሰውየው ከቢቱ ጋር አይሽቀዳደምም፣ ቤቱ ተቀምጦ እንደሚያወራ ሰው ነው። ኖ አይዲ በሌላው ራፐር በናስ የ2012 አልበምም ላይ ሠርቷል፤ ናስ የፈታት ሚስቱን አረንጓዴ ቬሎ ጭኑ ላይ አድርጎ የተነሣበት ሽፋን ያለው ነው። እሱ ክስም አልመለሰም፣ ጉራም አልነዛም፤ ቬሎውን ታቅፎ ተቀመጠ። ለኔ ከጄይ-ዚ ይበልጣል። (ናስ ከሬጌው ዘፋኝ ከዴሚያን ማርሌ ጋር በ2010 ከሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ቆርጦ ዘፈኑ ውስጥ ስላስገባ አድልቼ ይሆናል።)

ሰብለ፦ ጋሼ፣ ሙላቱን ጠርተው አያስፈራሩኝ። «4:44» መጀመሪያ የተለቀቀው የት ነው? ያኔ የራሱ በነበረው የኢንተርኔት ሙዚቃ ማሰራጫ በታይዳልና ለስፕሪንት ስልክ ደንበኞች ብቻ። በሳምንት ውስጥ ፕላቲነም (የአንድ ሚሊዮን ቅጂ ማዕረግ) ተባለ። የሚስቱን እንባ በራሱ ሱቅ ነው የቸረቸረው።

የድሮ ካሴት፦ እኛ መዝሙርም በካሴት ሲሸጥ ነው ያደግነው፣ ልጄ። ደግሞ በዚህ አልበም ለግራሚ ሽልማት በ8 ዘርፍ ታጭቶ ባዶ እጁን ነው የተመለሰው።

የጨርቆስ ልጅ፦ እናቱ ሌዝቢያን መሆኗን በግልጽ የዘፈነውንስ? ለኔ ደፋሩ እሱ ነው።

ኔታንያ፦ እሱን ተወው፣ ሌላ ሌሊት ይፈጃል።

ሰብለ፦ እሺ፣ አንድ ነገር ልስጣችሁ። ሴቶችን እያዋረደ የዘፈነበትን የድሮ ዘፈኑን፣ የ«ቢግ ፒምፒን»ን ግጥም በጽሑፍ ሲያየው እንዳሳፈረው በ2010 ለጋዜጣ ተናግሯል። ያኔ የሚሸጠው የይቅርታ አልበም አልነበረውም። ያቺን ከአልበሙ ይልቅ አምናታለሁ።

ዘጠነኛ ጎዳና፦ እኔ ደግሞ ያልነገርኳችሁ፣ 9ኛ ላይ ከተዘጉት አንዱ የአጎቴ ቤት ነው። ሕንፃው በ90ዎቹ ሊሸጥለት ቀርቦ «ነገ አገሬ እገባለሁ፣ ምን ያደርግልኛል» ብሎ ትቶታል። አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ ሳደርሰው የዳምቦ ስንኝ ሊመጣ ሲል ዘፈኑን አሳልፈዋለሁ።