እንጨት መፈልፈልና በኢንዲጎ ማቅለም፦ ከየትኛው ልጀምር?

የስድስት ኪሎዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስድስት ኪሎ ኢትኖሎጂ ሙዚየም እገባለሁ። ከአንድ ግንድ የተፈለፈሉት በርጩማዎች ፊት ስቆም ሰዓቱ ይሄድብኛል፤ ምስማር የለ፣ ማጣበቂያ የለ። ይህን ሙያ እጄ እንዲያውቀው እፈልጋለሁ። ነጭ ጥጥ በኢንዲጎ (ሰማያዊ የጨርቅ ማቅለሚያ ነው) ሲቀለም ካየሁ ወዲህ ደግሞ እሱም ከልቤ አልወጣም። የምኖረው በኪራይ አንድ ክፍል ነው፤ ግቢው የጋራ፣ ውሃው በፈረቃ። ከየትኛው ልጀምር?

መሮ፦
እህቴ፣ ከእንጨቱ ጀምሪ። እኔ ጅማ አባቴ በርጩማ ሲፈለፍል እያየሁ ነው ያደግሁት፤ አሁን ፒያሳ አካባቢ እሠራለሁ።

ወይራ ውብ ነው፣ ግን ጠንካራ ነው፤ የጀማሪን ክንድ ይጨርሳል። ዋንዛ ለመሮ ይታዘዛል። ለዚህ ተብሎ ዛፍ አይቆረጥ፤ ከአናጢዎች የተረፈ ቁራጭ ይበቃሻል። በርጩማውን ለጊዜው ተዪውና ማንኪያ ሥሪ። ማንኪያ ጎድጓዳም እብጠትም ስላለው፣ የእንጨቱ ክር በየት በኩል እንደሚሄድ ያስተምርሻል። ክሩን ተቃርነሽ ከገፋሽ እየተላጠ ይነሳል፤ ያኔ እንጨቱን ገልብጪና ከሌላው ጫፍ ነይ።

መሮሽን ሁልጊዜ ሳዪው። እጅ የሚቆርጠው ደነዙ ነው፣ በግድ ሲገፋ ያመልጣልና። እርጥብ እንጨት ከሆነ ሥራ ስታቆሚ በፌስታል ጠቅልዪው፤ ጫፎቹ ከመሃሉ ቀድመው ሲደርቁ ነው የሚሰነጠቀው። ፀሐይ ላይ የተተወ ጥሩ እንጨት ሳይ አንጀቴ ነው የሚቃጠለው።

አቡጀዲ፦
መሮ ያለው ልክ ነው። ግን ውሃው አያስፈራሽ፤ የኢንዲጎ ባልዲ በየቀኑ አይደፋም፣ ኖራና ስኳር እየተጨመረበት ለሳምንታት ይሠራል።

ኢንዲጎ እንዲሁ ውሃ ውስጥ አይሟሟም። በሚዛን 1 እጅ ኢንዲጎ፣ 2 እጅ ውሃ የጠጣ ኖራ፣ 3 እጅ የፍራፍሬ ስኳር (ፍሩክቶስ) በሞቀ ውሃ ታማስያለሽ። ውሃው ወደ ቢጫ አረንጓዴ ሲዞርና ከላዩ መዳብ የመሰለ ስስ ሽፋን ሲይዝ ደርሷል። ጨርቁ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል፤ አየር ሲነካው ዓይንሽ እያየ ሰማያዊ ይሆናል። እኔ ይህን ጠግቤው አላውቅም። ጠቆር እንዲል ደጋግሞ መንከር፣ በየመሃሉም አየር ማስነካት ነው። ጓንት አድርጊ፤ ኖራ ቆዳ ይበላል።

ጨርቁ ጥጥ ይሁን፤ ፖሊስተር አይቀበልም። ከተጠራጠርሽ አንድ ክር ምዘዢና አቃጥዪው፦ ጥጥ የወረቀት ሽታ ኖሮት አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ቀልጦ ይጠጥራል። አዲስ አቡጀዲ ደግሞ ሙጫ ስላለው መጀመሪያ በሳሙና ቀቅዪው።

የቸርችሉ፦
ቸርችል ጎዳና ያሉትን የእጅ ሥራ ሱቆች ማን እንደሚፈለፍልላቸው ጠይቂ። ከጎኑ ተቀምጦ ማየትን የሚያህል የለም።

የስድስት ኪሎዋ፦
እግዜር ይስጣችሁ! ማንኪያውን እጀምራለሁ። አቡጀዲ፣ ለግድግዳ ቀለም የሚሸጠው ኖራ ይሆናል?

አቡጀዲ፦
ይሆናል፣ ግን ያልተከፈተ ይሁን። ክፍቱን የቆየ ኖራ ከአየሩ ጋር ተዋህዶ ወደ ጠመኔ ስለሚለወጥ ኢንዲጎውን አያሟሟልሽም።