ስናፐር የሚባለው ዓሣ አልያዝልህ ብሎኛል፣ ሜልቦርን ያላችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ጥቅምት ከገባ ጀምሮ በየቅዳሜው ሞርዲያሎክ ፒር (ወደ ባሕሩ የገባው መተላለፊያ) ላይ ነኝ። ስናፐር ወደ ፖርት ፊሊፕ ቤይ (የሜልቦርን ባሕር ሰላጤ) በብዛት የሚገባበት ወቅት ነው፣ ግን እስካሁን ቤት ይዤ የገባሁት ፍላትሄድ የሚባሉ ሁለት ሌላ ዓይነት ዓሦች ብቻ ነው።

ችግሬ ይሄ ነው። ሰርዲን መንጠቆው ላይ አድርጌ እወረውራለሁ፣ የዘንጉ ጫፍ ትክ ትክ ይላል፣ ስስበው ባዶ መንጠቆ! ትንንሾቹ ዓሦች ሥጋውን ለቃቅመው ይጨርሱታል። ባለፈው ሳምንት አንድ ስናፐር ወጣልኝ፣ ሮዝ ሆኖ ጀርባው ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለው፣ እንዴት እንደሚያምር! ስለካው 25 ሳንቲሜትር ሆነ። ቪክቶሪያ ውስጥ ከ28 በታች መያዝ ስለማይፈቀድ እጄን አርጥቤ ቀስ ብዬ መለስኩት። አንጀቴን በላው።

እኔ ያደግኩት ሐዋሳ ነው፣ ሐይቅ ላይ ቆሮሶ ሳጠምድ። እዚያ የባሕር ውሃ በየሰዓቱ መሙላትና መጉደል የሚባል ነገር የለም፣ ስለዚህ እዚህ ሰዓቱን መምረጥ አቃተኝ። ውሃው ሲሞላ ይሻላል ወይስ ሲጎድል? ጎህ ሲቀድ ነው ወይስ ከመሸ በኋላ? ከኃይለኛ ንፋስ በኋላ ትልልቆቹ ወደ ዳር ይጠጋሉ የሚሉኝም አሉ፣ ሞክሮ ያየ አለ?

ሰርዲኑን ትቼ ስኩዊድ የሚባለውን የባሕር እንስሳ ልጠቀም? ጠንካራ ስለሆነ ቶሎ አይበላም ብዬ ነው። የመንጠቆ ቁጥርና ክሩን የሚያሰምጠውን እርሳስ ክብደት ጭምር ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው። ጀልባ የለኝም፣ ከዳር ብቻ ነው የማጠምደው። ቅዳሜ ጠዋት አብሮኝ የሚወጣ ካለም ደስ ይለኛል፣ ቡናውን እኔ አመጣለሁ።