የጃዝ ቤዝ ፒክአፕ ልቀይር ነው፤ ከማስመጣቴ በፊት ምን ልለካ?

አራት ክር (ጎንደር)፦
ሰላም የሙያ ወንድሞች። ቤዜ ባለ አራት ክር የጃዝ ቤዝ ቅጂ ነው፤ ሁለት ፒክአፕ (የክሩን ድምፅ የሚያነሳ ማግኔት ያለው ክፍል)፣ ሁለት ቮልዩም፣ አንድ ቶን አለው፣ ባትሪ የለውም። ማታ ማታ አራዳ አካባቢ ከኪቦርድ፣ ከድራምና ከማሲንቆ ጋር ነው የምሠራበት። የብሪጁን (ክሮቹ ከሚታሰሩበት ብረት አጠገብ ያለውን) ፒክአፕ ለብቻው ስከፍት እምምም የሚል ጉምጉምታ ያሰማል። የመድረኩ መብራት ሲበራ ይብሳል፣ መብራት ጠፍቶ በጄኔሬተር ስንሠራማ አያስችልም። በዚያ ላይ ችክችካ ሲፈጥን ኖታዎቹ ይደበላለቃሉ፣ ወፍራሙ ክር ይታፈናል። ለጥምቀት ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ፒክአፕ ሊያመጣልኝ ነው። ዲማርዚዮ ሞዴል ጄ፣ ሲይሞር ዳንከን ኳርተር ፓውንድ ወይስ ኢኤምጂ? አልገጥምም ቢል መመለሻ የለውምና ከማዘዜ በፊት ምን ላረጋግጥ?

ስታኞ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ጉምጉምታው ከየት እንደሚመጣ ለየው። ሽቦ ተበጥሶ ከሆነ የትኛውም አዲስ ፒክአፕ አያድነውም።

ቤዙን ሰክተህ ሁለቱንም ቮልዩም ዝጋ። አሁንም ከጮኸ ጥፋቱ የኬብሉ፣ የአምፑ ወይም የቤቱ መስመር ነው። ዝም ካለ የብሪጁን ብቻ ክፈትና ክሮቹን በእጅህ ንካ። ስትነካ ከቀነሰ ግራውንዱ (ክሮቹን ከጃኩ አካል ጋር የሚያገናኘው መስመር) ይሠራል። ምንም ካልተለወጠ ከብሪጁ ሥር የምትገባዋ የግራውንድ ሽቦ ወይ ተበጥሳለች ወይ ዝጋለች። ብሪጁን ፈትተህ እያት፤ ጫፏ ተልጦ ብረቱን በደንብ መንካት አለባት።

ቀጥሎ ቤዙን እንደያዝክ ባለህበት ቀስ ብለህ ዙር። አቅጣጫ ስትቀይር ጉምጉምታው ከፍና ዝቅ ካለ ከትራንስፎርመርና ከመብራት ዲመር (ማደብዘዣ) የሚመጣ ማግኔታዊ ነው። ብዙ ሰው ጉድጓዱን በመዳብ ቴፕ ለብጦ "ለምን አልጠፋም?" የሚለው እዚህ ላይ ነው። ቴፑ የሚያስቆመው ክር ስትነካ የሚቀንሰውን ዝዝዝ የሚል ድምፅ እንጂ ይሄኛውን አይደለም።

አሁን ሁለቱንም ቮልዩም እስከ መጨረሻው ክፈት። ጉምጉምታው ቁርጥ ካለ የሁለቱ ፒክአፖች ኮይል (የሽቦ ጥቅል) በተቃራኒ የተጠቀለለ፣ ማግኔታቸውም በተቃራኒ የዞረ ነው፤ አንዱ የሚያነሳውን ጉምጉምታ ሌላው ያጠፋዋል። ስለዚህ አንዱን ብቻ የሚቀይር ሰው አዲሱ ከሚቀረው ተቃራኒ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት።

ከዚያ ሁለት ነገር ለክተህ እዚህ ጻፍ። አንደኛ የእያንዳንዱን ፒክአፕ ሽፋን ርዝመት በሚሊ ሜትር። በመደበኛው ጃዝ ቤዝ የኔኩ (ወደ አንገቱ ያለው) ወደ 92፣ የብሪጁ ወደ 95 ነው። ቅጂዎች ላይ ግን ሁለቱም እኩል የሆኑበት ብዙ ነው። ሁለተኛ፣ ኬብል ሰክተህ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርግና ከአምፑ የተነቀለውን የኬብሉን ጃክ ጫፍና አካል ለካ፤ አንዱን ቮልዩም ከፍተህ ሌላውን ዘግተህ፣ በተራ። ጤነኛ የጃዝ ፒክአፕ ከ7 እስከ 8 ኪሎ ኦም አካባቢ ያሳያል፤ ፖቶቹም (ከቮልዩም ቁልፎቹ ሥር ያሉት) አብረው ስለሚለኩ ትንሽ ዝቅ ይላል። ከ100 ኪሎ ኦም በላይ ካሳየ ኮይሉ ተቆርጦ ፖቶቹን ብቻ እየለካህ ነው።

ቤዝ ከማራኪ፦
ስታኞ ያለው እንዳለ ሆኖ፣ የወፍራሙን ክር መታፈን በፒክአፕ ላይ ብቻ አታላክክ። ክሩ ያረጀ ከሆነ ምንም ብትገጥም ያው ነው። ፒክአፑ ወደ ክሩ በጣም ከቀረበም ማግኔቱ ክሩን ይጎትተዋል፤ ኖታው ይንቀጠቀጣል፣ ላይኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ቅኝቱ ይሸሻል። ሁለቱንም ሞክረህ ካልተሻሻለ ነው ወደ ግዢ የሚኬደው።

ከሦስቱ ኳርተር ፓውንድ ላንተ አይሆንም። ጉልበት አለው፣ ታችኛው ድምፅም ይሞላል፤ ግን ነጠላ ኮይል ስለሆነ ለብቻው ሲከፈት እንደ ድሮው ይጎመጉማል። ዲማርዚዮ ሞዴል ጄ እያንዳንዱ ራሱን ችሎ ጉምጉምታ ያጠፋል፤ መካከለኛው ድምፁ ወጣ ያለ ነው፣ ፈጣን ችክችካ ላይ ጣትህ ይሰማል። አንድ ነገር ግን ልብ በል፦ ማሲንቆውና ዘፋኙ ያንኑ መካከለኛ ድምፅ ይዘዋል። አዝማሪው ሲገባ የብሪጁን ቮልዩም ሩብ ያህል ቀንስና ኔኩ ይሸከም። ረጅም ኖታ በሚፈልግ ትዝታ ላይ ደግሞ ኔኩን ብቻ።

አራት ክር፦
አመሰግናለሁ። ሁለቱም ሽፋን 92 ሚሊ ሜትር ነው። ኔኩ 7.1፣ ብሪጁ 7.3 ኪሎ ኦም። ክር ስነካ ይቀንሳል ግን አይጠፋም፤ ስዞር ከፍ ዝቅ ይላል። ሁለቱንም ስከፍት ዝም ይላል። ክሮቹንም ቀየርኩ፣ ወፍራሙ ተሻሽሏል።

ስታኞ፦
በቃ፣ ልኩ ራሱ ወሰነልህ። ጥንድ ብለህ ብታዝ አንድ አጭርና አንድ ረጅም ይልኩልሃል፤ ረጅሙ ጉድጓዱ ውስጥ አይገባም። ጉድጓዱን በመሮ ማስፋት ይቻላል፣ ግን ቀለሙ ይሰነጠቃል። ሁለት የኔክ መጠን አስመጣ። ነጠላ ኮይል ቢሆን ሁለት የኔክ ፒክአፕ ማግኔታቸው አንድ ዓይነት ስለሚሆን አብረህ ስትከፍታቸውም ጉምጉምታው አይጠፋም ነበር። ራሱን ችሎ ጉምጉምታ የሚያጠፋ ከሆነ ግን ይህ ጣጣ የለም። ስለዚህ ሞዴል ጄ፣ ሁለቱም በኔክ መጠን ብለህ አጽፍ። አብረው 250 ኪሎ ኦም ፖቶችና አንድ 47 ናኖፋራድ ካፓሲተር ይምጡልህ፤ የፖቱን ዘንግ ውፍረት ከቁልፍህ ጋር አስተያይ።

ስትገጥም ክሮቹን አላላ፣ የድሮውን አያያዝ በስልክህ ፎቶ አንሳ፣ ከዚያ ፍታ። ፒክአፑን ስታወጣ ካቻቪቴህን ጠበቅ አድርገህ ያዝ። ማግኔቱ ካቻቪቴውን ይስበዋል፤ የኮይሉ ሽቦ ከፀጉር የቀጠነ ስለሆነ አንዴ ከነካው አለቀ። ሥር ያለው ስፖንጅ ከተጨፈለቀ አዲስ ቁረጥለት፤ አለዚያ ብሎኑን ብታላላም ፒክአፑ አይነሳም።

ብየዳውን ሞባይል ጠጋኝ ጋ ከወሰድከው ካውያው ለፖት ጀርባ በቂ ሙቀት ላይኖረው ይችላል። ስታኞው ተንከባሎ ይቀመጥና በኋላ ይላቀቃል። የራዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኞቹ 40 ዋት አካባቢ ካውያ ስላላቸው እነሱ ይሻላሉ። የፖቱ ጀርባ በብርጭቆ ወረቀት ይፈተግ፣ ካውያውም ከሦስት አራት ሴኮንድ በላይ አይቆይበት፤ ውስጡ ያለው ካርቦን ይቃጠላል። ከፒክአፑ አራት ሽቦ ከወጣ ሁለቱ እርስ በርስ የሚበየዱ ናቸው። የትኞቹ እንደሆኑ አብሮ የሚመጣው ወረቀት ላይ አለ፣ በግምት አትበይድ።

ክር ከመወጠርህ በፊት ሁለቱንም ቮልዩም ክፈትና የየፒክአፑን አናት በብረት ነካ ነካ አድርግ፤ ሁለቱም ጓ ካሉ ደህና። ክር ከወጠርክ በኋላ ለየብቻ ወፍራም ሆነው አብረው ሲከፈቱ ድምፁ ቀጥኖ ታችኛው ከጠፋ አንዱ በተቃራኒ ተበይዷል። የአንዱን ሞቃት (ድምፁን የሚያወጣውን) ሽቦና ግራውንድ ሽቦ አቀያይር፤ ከሽቦው ውጭ ያለው ባዶ መከለያ ግን ሁልጊዜ ግራውንድ ላይ ይቆያል።

አራት ክር፦
ኢኤምጂን ለምን ተዋችሁት?

ቤዝ ከማራኪ፦
መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ጸጥታው ከሁሉም ይበልጣል። ግን 9 ቮልት ባትሪ፣ 25 ኪሎ ኦም ፖቶችና ስቴሪዮ ጃክ ይፈልጋል፣ ያንተ ቤዝ ደግሞ ባትሪ ማስቀመጫ የለውም። ጃኩን ሳትነቅል ካደርክ ባትሪው ሌሊቱን ሲሠራ ያድራል፤ ካርቦን ባትሪ ከሆነማ ቶሎ ያልቃል። አንድ ጥቅም ግን አለው፦ ሁለቱም ኢኤምጂ ከሆኑ የክሮቹን ግራውንድ ሽቦ ማንሳት ይቻላል። አርዝ በሌለው ጄኔሬተር ላይ ክር ይዘህ ከንፈርህ ማይክ ሲነካ የሚመታህ በዚያች ሽቦ በኩል ነው። አንተ ሞዴል ጄ ስትገጥም ሽቦዋ ትኖራለችና፣ ከመዝፈንህ በፊት ማይኩንና ክሩን በቴስተር ኤሲ ቮልት ላይ ለካ። ከፍ ያለ ቮልት ካሳየ አምፑና ሚክሰሩ ከአንድ ሶኬት፣ አርዝ ካለው ማከፋፈያ ይሳቡ።

ከፍታውን የመጨረሻውን ፍሬት ተጭነህ ለካ፦ በወፍራሙ በኩል ከክሩ ሥር እስከ ፒክአፑ አናት 3 ሚሊ ሜትር፣ በቀጭኑ በኩል 2.5። ከዚያ እየሰማህ ግማሽ ግማሽ ዙር አስተካክል፤ የብሪጁን ፒክአፕ ከኔኩ ይልቅ ወደ ክሩ ትንሽ አስጠጋው፣ እዚያ ጋ ክሩ ብዙ ስለማይርገበገብ ድምፁ ያንሳል።