ሮክ መስማት የጀመራችሁት ከማን ጋር ነው?

ጥያቄ፦ እኔን ከእንግሊዙ የሮክ ባንድ ከኩዊን ጋር ያስተዋወቀኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ዌምብሌይ ላይ ያቀረቡትን የ20 ደቂቃ ያህል ዝግጅት ደጋግመን ከማየታችን የተነሳ ካሴቱ መሃሉ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እኛ ግን ዘፋኙ ፍሬዲ እጁን ሲያነሳ አብረን እናጨበጭባለን። እናንተስ?

መልስ 1፦ እኔ ከአባቴ ጋር። ሌድ ዘፔሊን የሚባለውን ባንድ! አባቴ ዝምተኛ ነው፤ የባንዱ ከበሮ መቺ የጆን ቦንሃም ከበሮ ሲጀምር ግን ጣቶቹ ጠረጴዛው ላይ አያርፉም። እ.ኤ.አ. በ1980 ቦንሃም ሲሞት ባንዱ ሌላ ከመተካት መበተንን መረጠ። ይህን ሲያወራ ዛሬም ድምፁ ይቆራረጣል።

መልስ 2፦ ከጓደኛዬ ጋር ፒንክ ፍሎይድ የሚባለውን ባንድ በአንድ ማዳመጫ ነበር የምንሰማው፣ እሷ በግራው እኔ በቀኙ። በኋላ ብቻዬን በሁለቱም ጆሮዬ ስሰማ ለካ ግማሹ ድምፅ አምልጦኝ ኖሯል! ወዲያው ደወልኩላት።

ጠያቂው፦ ደስ ሲል! እኔም ለወንድሜ ልደውል።